ባቡር ነጂ ሳልሆን የቀረሁበት ዓመት

ማክሰኞ፣ ጥር 14

ለዚህ ደብተር አንባቢዎች በሙሉ (ለእኔና፣ ደብቄው ካገኘችው፣ ለእማዬ)። በታላቅ ሐዘን የማስታውቀው፣ የመጨረሻው ወንበር ነዋሪዎች ነፃነት ዛሬ ጠዋት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ በድንገት ማረፉን ነው። ገዳዩ የክፍል ኃላፊያችንና የሒሳብ አስተማሪያችን ደወል ናቸው። (ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። እሳቸው አፋቸውን ከከፈቱ ትምህርት ቤቱ ደወል አያስፈልገውም።)

"እስከ አርብ የወደፊት ሙያችሁን መርጣችሁ ትመጣላችሁ!"

እስከ አርብ? እኔ የትኛውን ካልሲ እንደማደርግ ለመወሰን ሳምንት የሚፈጅብኝ ሰው...

ሽቦ፣ የወንበር ጓደኛዬ፣ ወዲያው "ሐኪም" አለ። ደም ሲያይ የሚወድቀው ሽቦ!

እኔ ግን የምሆነውን አውቀዋለሁ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም እንጂ። ኋላ የምቀመጠው ለረብሻ ይመስላቸዋል። ባቡሩ ሲያልፍ የሚታየው ከዚያ መስኮት ብቻ ነው።

አርብ፣ ጥር 17

ተናገርኩ። ምነው በቀረብኝ!

"ባቡር ነጂ" አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

"ቀልድህን ተውና ቁም ነገር ተናገር" አሉ ደወል።

"ቁም ነገር ነው ቲቸር።"

"ውጣ!"

ወጣሁ። ንጉሥ እሆናለሁ ብል እንኳ "ጎበዝ፣ በርታ" ይሉኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥር 29

ከባቡር ድርጅቱ አንዲት መሐንዲስ መጥታ ገለጻ ሰጠችን። አፍንጫው ብረት የሆነ ጫማ አድርጋለች። እንዲህ አለች... ከአሥረኛ ክፍል በኋላ (ለእኛ ከዘንድሮ በኋላ ማለት ነው) ድርጅቱ ራሱ ሦስት ዓመት ያሠለጥናል፤ ግማሹ ክፍል ውስጥ፣ ግማሹ ሥራ ላይ። ከዚያ እየሠሩ ዲፕሎማ፣ ሲገፋም ዲግሪ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ በዩኒቨርሲቲ በኩል የሚመጣም አለ። እሷ የመጣችው በመጀመሪያው ነው፤ ብሎን ከማጥበቅ ጀምራ።

ቁም ነገር ሲበዛ ያሳክከኛል። እጄን አወጣሁ። "ኢንጂነር፣ ነጂው እየነዳ ሽንቱ ቢመጣስ?"

አልሳቀችም። "ጥሩ ጥያቄ ነው። ጣቢያ እስኪደርስ ይችላል። አንተ ትችላለህ?"

ክፍሉ በእኔ ሳቀ። በቀልዴ ሳይሆን በእኔ! ለመጀመሪያ ጊዜ።

ለመንዳት የሒሳብ ውጤትና የዓይን ምርመራ ያስፈልጋል። ሒሳቡን እንጃ... ዓይኔ ግን የንስር ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 13

ሒሳብ አጠናሁ። አልተዋወቅንም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 12

እስክሪብቶዬ ወረቀቱን እየቀደደው ነው። ከንዴት።

ለባቡር ሥልጠናው የተመዘገብነውን ደወል ይዘውን ወደ ድርጅቱ ክሊኒክ ሄዱ። ሽቦም አለ፤ የተመዘገበው ክፍለ ጊዜ ለመዝለል ነው። ፊደሎቹን እስከ መጨረሻዋ መስመር ለቀምኳቸው። ከዚያ ሐኪሙ ነጠብጣብ የሞላበት መጽሐፍ ገለጡ።

"ምን ቁጥር ይታይሃል?"

"ነጠብጣብ።"

"ቁጥሩን ነው የጠየቅሁህ።"

"ቁጥር የለም እኮ።"

ገለጡ። "እዚህስ?"

"የተደፋ ጥራጥሬ።"

ደወል ከበሩ ሆነው ጮኹ። "ይቅርታ ያድርጉለት ዶክተር፣ ልማዱ ነው። አንተ ልጅ! እዚህም?"

"እውነቴን ነው ቲቸር!"

ሽቦ ከኋላዬ በሳቅ ይንፈራፈራል። "ሰባ አራት ነው! የግንብ ሰዓት የሚያህል ሰባ አራት!"

ተመካክረው የሚያሾፉብኝ መሰለኝ። እንዴት ያለ የበሰለ ቀልድ ነው ብዬ ላደንቃቸው ምንም አልቀረኝም። ሐኪሙ ግን ሁለት ቁራጭ ወረቀት ፊቴ አስቀመጡ። "ቀዩን ስጠኝ።"

ሁለቱንም አየኋቸው። አንዱን በግምት አነሣሁ።

ሽቦ ሳቁን አቆመ። ሽቦ መሳቅ ሲተው ነገሩ እንደከፋ ገባኝ።

አርብ፣ መጋቢት 13

ቀይና አረንጓዴ አልለይም። ከተወለድኩ ጀምሮ ነው አሉ። ለባቡር ነጂ! ከቀለም ሁሉ መርጦ እነዚህን ሁለቱን? ቢጫና ሰማያዊን ቢወስድብኝ ምናለበት?

ለእማዬ ነገርኳት። ልብስ ሰፊ ናት። ስፌቱን አቆመች። እግሯ መርገጫው ላይ እንዳለ ቀረ።

"አረንጓዴውን ክር አቀብለኝ ስልህ ቡናማውን የምትሰጠኝ..."

"እ..."

"እየቀለድክብኝ አልነበረም?"

ምን ልበላት? "በሥራዬ ትቀልዳለህ?" እያለች በኩርኩም ስትለኝ ኖራለች። እኔም ስቄ አልፈዋለሁ። ተሳሳተ ከምባል ቀለደ መባሉ ይሻለኝ ነበር መሰለኝ... እየቆየ ራሴም አመንኩት።

"አላውቅም፣ እማ።"

ተነሥታ ያን የኩርኩሙን ቦታ ዳበሰችው። ደጋግማ። ኩርኩሙ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ መጋቢት 16

ከትምህርት ቀርቼ ወደ ባቡሩ ግቢ ሄድኩ። ዘበኛው አላስገባም አለኝ። "የኢንጂነሯ ታናሽ ወንድም ነኝ" አልኩት። አስጠራት። አየችኝ። "ወንድሜ ነው፣ ምን ይደረግ" አለች።

ለመንኳት። መንዳት የለም አለች። የምልክት መብራት ጥገና የለም። ኤሌክትሪክም የለም፤ ገመዱ የሚለየው በቀለም ነው።

"ታዲያ ምን ቀረኝ? መጥረጊያ?"

"ሐዲዱ ቀረህ። ድልድዩም ቀረህ። ትንሽ ነው?"

መንገዱ ወደሚታጠፍበት ወሰደችኝና በሁለቱ ሐዲዶች ላይ ረጅም ውሃ ልክ አጋደመች። "የውጭው ከውስጡ ከፍ ያለ ነው። አየህ?"

"ለምንድነው ከፍ ያለው?"

"ሒሳብህን አልፈህ ና፣ እነግርሃለሁ።"

አያናድድም? ጠጠር በእግሬ እየለጋሁ ቤቴ ገባሁ። ባቡር እየነዱ ማለፍ ሲያምረኝ ባቡር የሚያልፍበትን ብረት ላጥብቅ?

ሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ትምህርት ቤቱ ሁሉ እስክሪብቶ ይዞ ፊቴ ይሰለፋል። "ይሄ ምን ቀለም ነው? ይሄስ?" የሰባተኛ ክፍል ውሪዎች ሳይቀሩ! ቀልዱም የእኔ ዓይነት ነው፤ መልሼ ልስደባቸው አልቻልኩም።

ዛሬ ደግሞ ተለጠፈ። ሽቦ ለነጂነት የመጀመሪያውን ማጣሪያ አለፈ።

ሽቦ! ሐኪም እሆናለሁ ያለው!

"ልተወው እንዴ?" አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ።

"ብትተወው እገልሃለሁ" አልኩት። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ ቆየሁ።

ሰኞ፣ ግንቦት 5

ያ የተረገመ የውጭ ሐዲድ እንቅልፍ ነሣኝ። ኢንጂነሯ እንደሆነች አትነግረኝም። ከክፍል በኋላ ደወልን ጠበቅኳቸው።

"ቲቸር፣ ባቡር በሚታጠፍበት ቦታ የውጭው ሐዲድ ለምን ከፍ ይላል?"

መጀመሪያ ወንበራቸውን ገልብጠው አዩት። ከዚያ ኪሳቸውን ዳበሱ። "ምን አድርገሃል? ከአሁኑ ተናገር።"

"ምንም። ማወቅ ፈልጌ ነው።"

ጠመኔ አነሡ። ባቡሩ ሲታጠፍ ወደ ውጭ መውጣት ያምረዋል፤ ከፍ ያለው ሐዲድ ወደ ውስጥ ያጋድለዋል። ፍጥነቱ በራሱ ይባዛል፣ ለመታጠፊያው ስፋት ይካፈላል... ሰሌዳው ሞላ። ድምፃቸው ዝቅ ሲል ዛሬ ገና መስማቴ ነው።

ገባኝ? ግማሹ። ወደድኩት? በጭራሽ። ግን ነገ ና ብለውኛል። እሄዳለሁ መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 9

ሒሳብ አለፍኩ። በጭንቅ፣ በአፋፍ፣ በጥርሴ ተንጠልጥዬ። ለሐዲድ ጥገና ሥልጠና ተቀበሉኝ። እማዬ እልል አለች። እኔን ግን መንዳቱ መቅረቱ አሁንም ያናድደኛል፤ ልዋሽ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

የመጀመሪያው የእውነት ሥራ። ጠጠር፣ ዘይት፣ ፀሐይ። የጀርባዬ ነገር አይነሣ። ፎርማኑ ጠዋት ጠዋት ይጮኻል፣ "ቀይና አረንጓዴውን የምልክት ባንዲራ ለማንም ስጡ፣ ለእሱ ግን እንዳትሰጡ!" ሁሉም ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ምን አማራጭ አለኝ?

ብሎኖቹን ልናጠናቅቅ ስንል አንድ ባቡር ማዶ መጥቶ ቆመ። ነጂው አጠገብ ማን ተቀምጧል? ሽቦ! ሠልጣኝ ነጂ፣ ኮፍያ አድርጎ። አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"ኧረ ቶሎ በሉ! መንገደኛ ጭነናል!"

"ጨርሳችኋል?" አለ ፎርማኑ።

ሁሉም "አዎ" አሉ። እኔ በመፍቻዬ የራሴን ብሎኖች እንደገና ነካካሁ። አንዱ ዞረ። ትንሽ፣ ግን ዞረ።

"አልጨረስንም" አልኩ።

ሽቦ ሰማ። "እየቀለደ ነው! አውቀዋለሁ፣ ሆን ብሎ ሊያስጠብቀኝ ነው!"

ፎርማኑ አየኝ። ያመነኝ አይመስልም... መጣና የራሱን መፍቻ አስገባ። ዞረለት። ወደ ባቡሩ ዞሮ እጁን አነሣ፣ "ይጠብቅ!"

ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ መንገደኛ፣ ሽቦ ከነኮፍያው... ቁጭ ብለው ጠበቁኝ። ብሎኑን አጠበቅኩት። ሳልቸኩል። (እሺ፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ላቤን መጥረግ አበዛሁ። ለሽቦ ስል።)

ሲያልፉ ምላሱን አወጣብኝ። መፍቻውን አነሣሁለት። ሐዲዱ ከእግሬ ሥር ድም ድም አለ፤ ብሎኔ አልነቃነቀም።

አሁን ደብተሩን ከመጀመሪያው ገልጬ አነበብኩት። እንዴት ያለ ለቅሶ ነው! ነገሩ ሲጠቃለል ምንድነው? አንድ ልጅ ሁለት ቀለም አይለይም፤ ስለዚህ ሌላ ሥራ ይሠራል። በቃ፣ ይኸው ነው። ለዚህ ነው እንዲያ የጮህኩት?