ቆሎ በቸኮሌት

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ረፋድ

ለውዙ ቅቤ አልሆን አለኝ። ሙቀጫ ውስጥ ብወቅጥ ብወቅጥ ዱቄት ብቻ። ክንዴ ዛለ። ሪያድ ቢሆን ማሽኑን መጫን ነው። እማ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ከተቆላ እንዲሁ ብንበላው ምን አለበት፣ ትላለች። አረ ተይኝ እማ!

ደብተሬ፣ ላንቺ ልንገርሽ። ይህ የምሠራው ጣፋጭ ለልጄ ለኢክራም ነው። ጡት አስጥዬ ለእማ ትቻት ሪያድ ለሥራ ሄድኩ። አሁን ሁለተኛ ክፍል ናት። እማን «እማ» ትላለች፣ እኔን «ዘሃራ»። ልክ እንደ ጎረቤት። አባቷ ሌላ አግብቶ ከላላ ከተማ ይኖራል፤ እሱን ተዪው።

የሪያድ አሠሪዬ ማዳም ትደውላለች። ቪዛው ወጥቷል፣ ተመለሺ፣ ላያን ምግብ አልበላም ብላለች፣ እስከ ጁምዓ መልስ ስጪኝ። ላያንን፣ የማዳምን ልጅ፣ ከአራስነቷ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ይህን ጣፋጭ የምሠራውም ለሷ ነበር። መጋገር የለው፣ ምን የለው። የለውዝ ቅቤ፣ ማር፣ ኮርንፍሌክስ፤ ለውሶ ማድቦልቦል፣ ቸኮሌት ውስጥ መንከር። ላያን አንዱን ስትበላ ጉያዬ ውስጥ ትገባለች። ኢክራምም ትገባለች፣ ኢንሻአላህ። ከዚያ ለማዳም የምለውን አውቃለሁ።

ከአስር ሶላት በኋላ

ለውዙ ዘይቱን ተፋ! አልሐምዱሊላህ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ቸኮሌቱ ተበላሸ። የፈላ ውሃ ላይ ሳቀልጠው እንፋሎት ገባበት፤ ጓጎለ። ከደሴ ያስመጣሁት እኮ ነው! ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለቸኮሌት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ደግነቱ ግማሹን አልነካሁትም ነበር።

ከሪያድ ያመጣሁት ኮርንፍሌክስም ሻንጣ ውስጥ ደቅቋል፤ አይበቃም። ኢክራም ከት/ቤት ገባች። ሳልጠራት መጣች። ቆሎ ብንጨምርበትስ፣ አለች፤ ከኪሷ የገብስ ቆሎ አወጣች። ሳቅኩ። ጨመርን። እጇ እጄን ነካኝ፣ አልሸሸችም።

ከቀረው ቸኮሌት ጥቂቱን አቅልጠን ነከርነው፤ መስኮቱ ላይ ደረደርነው። የመካነ ሰላም ብርድ እያለ ፍሪጅ ለምኔ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ጠንክሯል። ያምራል። ኢክራም ነከሰች፤ ደገመች። አፏ ዙሪያውን ቸኮሌት። ትከሻዬ ላይ ተደገፈች፣ ወላሂ ተደገፈች! ደስታው ነው መሰል ያሳተኝ። ላያንዬ፣ ልጨምርልሽ፣ አልኳት።

ያ አላህ፣ ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ላያን ማናት፣ አለች። የማዳም ልጅ፣ አልኩ። ምን ብላ ነው የምትጠራሽ? መዋሸት አቃተኝ። ማማ፣ አልኳት። የያዘችውን ሳህኑ ላይ መልሳ ወደ እማ ሄደች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዞር ብላም አታየኝ። እማ ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች፣ ትላለች። እኔስ?

ላያንም ትናፍቀኛለች። ይህ ለማን ይነገራል? የወለድኳትን እማ አሳደገችልኝ፤ ያሳደግኳት የሰው ናት። ከሁለቱም አልሆንኩ። ብሄድ ይሻላል መሰል። ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁ። ልብሴን ግማሹን ከተትኩ።

ጁምዓ፣ ኅዳር 12፣ ጠዋት

የቀረውን ልከት ሻንጣውን ስከፍት፣ ልብሴ መሀል ትንሽ ፌስታል። አቋጠሩ የልጅ ነው። ስፈታው ጣፋጩ። ኢክራም ት/ቤት ሳትሄድ ጠየቅኳት። ቀና ሳትል፦ «ለላያን ነው። ስትደርሺ ስጫት። ቆሎው የኛ ነው በያት።»

አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። እንደምሄድ እርግጠኛ ናት። ከኔ የምታውቀው መሄዴን ብቻ ነው።

ለማዳም ደወልኩ። አልመጣም አልኩ። ከኋላ ላያን ትጣራለች፤ ማማ፣ ማማ። ስልኩን ዘጋሁት።

ከመግሪብ በፊት

ሻንጣውን አራገፍኩ። እማ ገብሷን ትክተትበት። ኢክራም በር ላይ ቆማ ባዶውን ሻንጣ አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ፦ ዘሃራ፣ ቸኮሌቱ ተርፏል?

ተርፏል፣ አልኳት።

ዘሃራ ትበለኝ። የትም አልሄድም።