የሰፋው በር

የካ ሚካኤል፣ አዲስ አበባ
ሐምሌ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ናዝራዊት፣

ናይሮቢ እንዴት ይዞሻል? ሥራሽስ? በስልክ ብነግርሽ እናትሽ ትሰማለች። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ነገ ወደዚያ በምትበረው በጎረቤታችን ልጅ በሰላማዊት እጅ ልኬልሻለሁ። ጽሑፌ የተንጋደደው በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው።

ዳገቱ ላይ ያለው፣ በጣልያን ጊዜ ለተገደሉት መታሰቢያ የተሠራው አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ታቦቱ ወደ አዲሱ ሕንፃ ከገባ ወዲህ ተዘግቶ እንደኖረ ታውቂያለሽ። ይፍረስ ሲባል፣ «ጠግነን የሰፈሩ ልጆች ማንበቢያ እናድርገው» ብዬ ደብሩን የለመንኩት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ፈጀብን። ጣሪያው ተቀየረ፣ ግድግዳው በኖራ ተለሰነ። የቅድመ አያትሽ ስም ያለበትን ሰሌዳ በገዛ እጄ አጠብኩት። ምረቃው እሑድ ነው።

ከእድሳቱ በፊት የላኩልሽን ፎቶ ያየሽ ጊዜ፣ «አባዬ፣ የሰሜኑን በር አታስፋው፤ ግድግዳውን የያዙት እነዚያ ሁለት የድንጋይ ድጋፎች ናቸው» ብለሽኝ ነበር። አርባ ዓመት ግንበኛ የሆንኩ ሰው ከልጄ ልማር? አፈረስኳቸው። ያልሽውንም ለማንም አልተነፈስኩም።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠና ከበሩ በላይ እንደ ክር የቀጠነ ስንጥቅ ወጣ። አንቺ እንዳስተማርሽኝ ስንጥቁ ላይ ቁራጭ መስታወት ለጠፍኩበት፤ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል ብለሽኝ የለ። የመጀመሪያው በስምንት ቀን ተሰበረ። ሁለተኛው በሦስት። ሦስተኛው አንድ ቀን እንኳ አልቆየም። አሁን ስንጥቁ ጣት ያስገባል።

ሰኞ ብቻዬን በግንድ ላስደግፈው ስል ከላይ ድንጋይ ወርዶ ቀኝ እጄን መታኝ። ለእናትሽ በር ውስጥ ተቀርቅሮ ነው ብያታለሁ።

ትናንት የእድሳት ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ አምባዬ ዘንድ ሄጄ ጥፋቴን ሳልደብቅ ሁሉንም ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ኖራ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እርስዎ ራስዎ ነዎት የነገሩን» አለኝ።

«ያኔ ዋሽቼህ ነበር።»

«የጥሪው ወረቀት ተበትኗል፤ ሦስት መቶ ልጅ ይመጣል። አሁን ምን ልበል?» አለና ቁልፉን ከእጄ ወሰደ። የደብሩ አስተዳዳሪም ሰምተው፣ «ደክመዋል፣ ይረፉ» አሉኝ።

አንቺ መሐንዲስ ነሽ። ይህ እንደደረሰሽ ለአስተዳዳሪው ደውይላቸው፤ ስልካቸውን ከጀርባው ጽፌልሻለሁ። ጥፋቱ የአባቴ ነው በያቸው፣ አትሸፋፍኚልኝ። እምቢ ካሉ እሑድ ከሁሉም ቀድሜ ሄጄ በሩ ሥር እቀመጣለሁ። ሽማግሌ ተራምዶ ልጆች የሚያስገባ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም።

ዝናቡ ዛሬም አላባራም።

ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ፤ የጀመርሽው ይሙላልሽ። እሑድ ከቀትር በኋላ እኔው እደውልልሻለሁ። ካልደወልኩ ለአክስትሽ ለአሳየች ደውይላት፤ እናትሽ ብቻዋን እንዳትሆን።

አባትሽ
ወልደ ሐዋርያት