የዓሣው ሌላኛው ገጽ

ሐሙስ፣ በወሩ አሥራ ሁለተኛው ቀን

ለናፍቆቴ፣ ለባለቤቴ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ እንደ ልማዱ ያጉረመርማል። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። በዚህ ከተማ እንደ እኔ የሚጽፍ ሰው የለም። እሺ ይሁን፣ የሌለው በድንጋይ ማውጫው ውስጥ ነው። እዚያም ቢሆን ሌሎቹ ፊደል ስላልቆጠሩ ነው።

ማንበብ እንደቻልኩ መጀመሪያ ያደረግኩት ምን መሰለሽ? አሥራ አንዱን ደብዳቤሽን ከሣጥን አውጥቼ እንደ አዲስ አነበብኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሚያነብልኝ የማታ ትምህርቱ መምህር ነበር፤ ምን እየዘለለብኝ ይሆን ብዬ ነዋ። አንድም አልዘለለም። ግን ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ «ናፍቀኸኛል» እያለ ያነብልኝ የነበረውን ቃል አጣሁት። ንባቤ ገና ስላልጠና ይሆናል። የትኛው መስመር ላይ እንዳለ ጻፊልኝ። ከሌለም፣ ከየት እንዳመጣው እሱን መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው።

የመጨረሻው ደብዳቤሽ ለእኔ አራት መስመር፣ ለእሱ ሦስት መስመር ነበር። «መምህሩን ሳሉ ተሻላቸው ወይ? ያንገት ልብስ ሰፍቼ እልክላቸዋለሁ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔንም ሳል ይዞኛል። ምናልባት ጨርቅ ከተረፈሽ።

አሁን ወደ ወሬው ልግባ። ለጸሎት ቤቱ አዲስ ደረጃ ድንጋይ ሳወጣ አንዱን በሽብልቅ ብፈልጠው እንደ መጽሐፍ ለሁለት ተከፈተ። ውስጡ ዓሣ! አጥንቱ፣ ክንፉ ሳይቀር። በአንደኛው ገጽ ጎልቶ ወጥቷል፤ በሌላኛው ገጽ ያው ራሱ ጎድጉዷል። ጎልቶ የወጣውን ወደ ማታ ትምህርት ወሰድኩት፤ መምህሩ እኔን እንዲያደንቅ ነበር። እሱ ግን ድንጋዩን አደነቀ። «ሰው ሳይኖር በፊት ይህ ሁሉ አገር ባሕር ነበር» ብሎ ዓመቱን ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ፣ ዜሮው ሳያልቅ ጠመኔው አለቀ። ባሕሩም እንዳንቺ ጥሎን ወደ ወደብ ሄዷል ማለት ነው።

ከተማው ታመሰ። ጸጉር አስተካካዩ፣ «መጽሐፉም እኮ ዓሣ ከአዳም ይቀድማል ይላል፤ ምን ያጣላናል?» ቢል፣ ዳቦ ጋጋሪዋ «የሚቀድመው በአንድ ቀን ነዋ! ሰውየው ዜሮ እንደ ዳቦ ይደረድራል» አለችው። ቆይቶ «መምህሩ ራሱ ቀርጾት ነው» የሚል ወሬ መጣ። ትምህርቱ የሚሰጠው በጸሎት ቤቱ አዳራሽ ነውና ሽማግሌዎቹ ሰኞ ስብሰባ ጠሩ። ዓሣው የሰው ሥራ ከሆነ መምህሩ ይባረራል፤ የማታ ትምህርቱም ይዘጋል።

በስብሰባው ላይ የጸሎት ቤቱ ሰባኪ አስነሡኝ። «ድንጋዩን ያወጣኸው አንተ ነህ። ዓሣው ውስጡ ነበር ወይስ ተቀርጾ ነው?» ቀደም ብለው በር ላይ ይዘውኝ «ውስጡ ነበር ብትል የደረጃውን ሥራ እነጥቅሃለሁ» ብለውኝ ነበር። ምን ላድርግ? «የቀረጽኩት እኔ ነኝ!» አልኩ። «እጄን እዩት፤ ከፈለጋችሁ ዓሣ ነባሪም እቀርጻለሁ!» ሰው በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ብቻ አልሳቀም። አየኝ፣ ሳለ፣ ድንጋዩን በመሐረቡ ጠቀለለ። ተባሯልና ቅዳሜ ከተማውን ይለቃል።

ሌላኛው ገጽ ግን አልጋዬ ሥር ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ መሐላቸው ጸጉር አያስገባም። አንዱን መቅረጽ ይቻል ይሆናል፤ ሁለቱን እንዲህ አድርጎ የሚቀርጽ ድንጋይ ጠራቢ ግን አልተወለደም፤ እኔን ጨምሮ። ነገ በማለዳ ተሸክሜው ወደ ሽማግሌዎቹ እሄዳለሁ። ሰው በቀልዴ ሲስቅ ኖሯል፤ ነገ ደግሞ በእኔ ይሳቅ።

የባሕሩ ነፋስ ደግ ይሁንልሽ። መርፌው ጣትሽን አይንካ። ፈጣሪ ለዓይንሽ ብርሃን፣ ለመንገድሽም መመለሻ ይስጥልሽ።

ባለቤትሽ፣ ድንጋይ ፈላጩ

ላሽገው ስል እጄ እምቢ አለ። ሰባኪው በር ላይ አስፈራሩኝ ያልኩሽን ከራሴ ነው የጨመርኩት። እሳቸው ያሉኝ እንዲህ ነበር፤ «ልጄ፣ አትፍራ። ውስጡ ከነበረ፣ ውስጡ ነበር በል። እኔም ቤቴ ገብቼ መጽሐፌን እንደገና አነባለሁ።» ማንም አላስፈራራኝም። ስብሰባው ላይ ስነሣ ደብዳቤሽ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ለእሱ የጻፍሻቸው እነዚያ ሦስት መስመሮች።