ለምርቃቴ የደበቅከው አምፕሊፋየር

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ሞላ። ባለፈው ሳምንት ሙት ዓመትህን አወጣን። ፍትሐቱ ተደረገ፣ እድርተኛው በላ፣ ጠጣ፣ መረቀ፤ እማዬም ጥቁሯን አወለቀች። ሰው ሁሉ «ነፍሱን በገነት ያኑርልን» እያለ ወደየቤቱ ሄደ። እኔ ግን ተናድጃለሁ። ዓመቱን ሙሉ የከረምኩት እየተናደድኩ ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ መናደድ ነውር ስለሆነ ዝም ስል ሰው ሐዘን ብቻ ይመስለው ነበር። አንተ ፊቴን አይተህ ትለየው ነበርና ላንተ እውነቱን ልጻፍልህ።

በሞትህ አይደለም የተናደድኩት። ሞትማ የእግዜር ነው፣ ከእግዜር ጋር አልሟገትም። የተናደድኩት አልጋህ ሥር ባስቀመጥከው ካርቶን ነው።

የመጀመሪያዋን አምፕሊፋየሬን መቼም አትረሳትም። አሥረኛ ክፍል እያለሁ አዲስ አበባ ለስብሰባ ሄደህ ስትመለስ፣ ጊታሩን በአንድ እጅህ፣ እሷን በሌላው ይዘህ ከመነኻሪያ በባጃጅ መጣህ። ከጊታሩ ጋር አብራ የምትሸጥ፣ ድምፁን የምታጎላ የጀማሪ አምፕሊፋየር ነበረች፤ ከድፎ ዳቦ አትበልጥም። አንተ የሂሳብ አስተማሪ ነህ፤ ስለ ጊታር የምታውቀው አንድም ነገር አልነበረም። ቢሆንም ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተማሪዎችህን ፈተና ይዘህ አጠገቤ ትቀመጥና እያረምክ ትሰማኝ ነበር። ስሳሳት ቀይ እስክሪብቶህ ቆም ይላል። ደግሜ ሳስተካክለው እስክሪብቶህ ሥራውን ይቀጥላል። አንድም ቀን «ተሳሳትሽ» ብለኸኝ አታውቅም።

ለእኔና ላንተ ያቺ ሳጥን ትበቃን ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ከባንድ ልጆች ጋር መጫወት ስጀምር ግን ጉዷ ፈላ። ድምጿን ከግማሽ በላይ ከፍ ሳደርገው ጣሳ ውስጥ እንደገባ ንብ ትንጫጫለች፤ ዝቅ ሳደርገው ደግሞ ድራሙ ይውጣታል። ኪቦርድ የሚጫወተው ታደለ፣ ጊታርሽ ድምፁ እንደተዘጋ ቴሌቪዥን ነው፣ እናየዋለን እንጂ አንሰማውም እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

አንድ ቀን እዚሁ ከተማ አዳራሽ ውስጥ ስንጫወት መጥተህ ከፊት ተቀመጥክ። እኔ ራሴ የምጫወተውን አልሰማም ነበር፤ ጣቶቼን እያየሁ በግምት ጨረስኩት። ስንወጣ ትከሻዬን ይዘህ «ጥርት ብሎ ተሰማኝ» አልከኝ። ዋሽተኸኛል፣ አባዬ። ድምፄ ከመድረኩ ጫፍ አላለፈም። መንገድ ላይ የተሻለ አምፕሊፋየር እንደሚያስፈልገኝ ስነግርህ የመለስክልኝ ያንኑ የዘወትር ተረትህን ነው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ያንን እንቁላል እንዴት እንደጠላሁት ብታውቅ። ስሜንም ትዕግሥት ብለህ ያወጣኸው ለዚሁ ነው መሰለኝ።

ደግሞ ነገርህ ሁሉ እንደዚያ ነበር። ጥሩ ነገር ታመጣና ታስቀምጠዋለህ። ቡፌው ውስጥ የተደረደሩት ብርጭቆዎች ለእንግዳ ናቸው፤ እኛ የምንጠጣው በፕላስቲክ ኩባያ ነው። ሶፋው ከመጣ ጀምሮ ላስቲኩ አልተነሳለትም፤ ስንቀመጥበትም ስንነሳም ይንኮሻኮሻል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት እንኳ በፌስታል ከመጠቅለሉ የተነሳ ቁጥሩ አይነበብም። ለምርቃቴ ያሰፋኸው ሱፍ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሎ ሲኖር አንተ ክርኑ የሳሳ ኮት ለብሰህ ታስተምር ነበር። የክት፣ የክት፣ ሁሉም ነገር የክት። የቤታችን መልካም ነገር ሁሉ እንግዳ ይጠብቃል፤ እኛ ደግሞ እንግዳ አልነበርንም።

ብርጭቆውም ይቅር፣ ሶፋውም ይቅር። ሕመምህን ማስቀመጥህን ግን ይቅር ልልህ አልቻልኩም። ጎንህን ይዘህ ስትቆም አይቻለሁ። ሰሌዳው ላይ በቀኝ እጅህ እየጻፍክ በግራህ ጎንህን ትደግፍ እንደነበር ተማሪዎችህ ለቅሶ ሲመጡ ነገሩኝ። ሆስፒታል እንሂድ ባልኩህ ቁጥር «ከምርቃትሽ በኋላ» ትላለህ። ትምህርት ተዘግቶ ሲከፈት፣ ተከፍቶ ሲዘጋ ምርቃቴ እየራቀ ሄደ፤ ያንተም መታከም አብሮት ራቀ። ከዲማ ጠበል አስመጥተህ ጠጣህ። ጠበሉን አልነቅፍም፤ ግን ለጠበሉ ዲማ ድረስ ሰው ስትልክ ሆስፒታሉ ባጃጅ ጠርተን የምንደርስበት ነበር። በመጨረሻ ተሸክመን ስንወስድህ ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ «እስከ ዛሬ ምን ስትጠብቁ ነበር?» ምን ልበለው? ምርቃቴን ልበለው?

አሁን ደግሞ የአርባህን ቀን ልንገርህ። አንተ ብትኖር ኖሮ ትስቅ ነበር፤ እኔ አልሳቅኩም። ግቢው በድንኳን ተሞልቶ፣ ከትውልድ መንደርህ ከአምበር ዘመድ አንድ ሳይቀር መጥቶ፣ የእድሩ ድምፅ ማጉያ አልሠራ አለ። ታላቅ ወንድምህ፣ አጎቴ ደምሴ፣ ያደረው አንተ መኝታ ቤት ነበር። ጠዋት ጫማውን ሊያወጣ ሲያጎነብስ አልጋው ሥር ትልቅ ካርቶን አይቶ ኖሯል። ማጉያው እምቢ ሲል ትዝ ብሎት ገባና ካርቶኑን በሽንኩርት ቢላ ቀደደው። ተሸክሞ አወጣው፣ የጊታር ገመድ የሚገባበት ላይ ማይክ ሰካበት፣ ያሉትን ማዞሪያዎች በሙሉ እስከ መጨረሻቸው አዞራቸው። እኔ ወጥ ይዤ በድንኳኑ መሃል ሳልፍ መጀመሪያ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት መጣ፤ ቀጥሎ የአጎቴ ድምፅ፦

«በሩ ላይ የቆመው ባጃጅ ይነሳ፤ ቄሶቹ መግቢያ አጡ።»

ዞር ብዬ አየሁት። ከታደለ ጋር ፎቶውን በስልክ እያየን ስንመኘው የኖርነው አምፕሊፋየር ነው፤ ሆዱ ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ድራም የማይውጠው። አዲስ ነው። ፊቱ ላይ የተለጠፈው ስስ ላስቲክ እንኳ አልተላጠም። ወጡን እዚያው መሬት ላይ አስቀምጬ እማዬ ጋ ሄድኩና የማን እንደሆነ ጠየቅኋት። ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ያንቺ ነው፣ ለምርቃትሽ ብሎ ያስቀመጠው ነው አለችኝ። ካመጣኸው ሁለት ፋሲካ አልፎ ነበር። ከአዳራሹ ቀን በኋላ ታደለን አማክረህ፣ እንዳይነግረኝም በማርያም አስምለህ ነው ያስመጣኸው። እማዬ ቤት ስትጠርግ ካርቶኑን ትጎትትና መልሳ ትገፋዋለች። እኔ በዚያች ጣሳ ስንጫጫ፣ አንተ ፈተናህን እያረምክ ስትሰማኝ፣ ጥሩው ከግድግዳው ወዲያ ተኝቶ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በጥሩው ልትሰማኝ ትችል ነበር፣ አባዬ። ለራስህም ነፈግከው።

አጎቴ ላይ ጮህኩበት። በአርባህ ቀን፣ በቄሶቹ ፊት፣ አንተ በምታከብረው ሰው ላይ። ማን ንካው እንዳለው፣ የማንን ዕቃ በቢላ እንደቀደደ፣ ያልጠየቅኩት የለም። ማይኩ ገና እጁ ላይ ስለነበር ጩኸቴ በዚያው አምፕሊፋየር ወጥቶ ሰፈሩን አዳረሰው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርት ብዬ ተሰማሁ።

አጎቴ አልተቆጣም። ማይኩን ነቅሎ በእጁ እንደያዘ ዝግ ብሎ «የወንድሜ ቤት ዕቃ ለወንድሜ ቀን ካልሆነ ለመቼ ነው?» አለኝ። ከዚያ ሄዶ ከድንኳኑ ጀርባ ቆሞ አለቀሰ። ይበልጥ ያንገበገበኝ ካንተ ይልቅ እሱ ትክክል መሆኑ ነው። ካስቀመጥከው ሁሉ ከተሰወረበት ወጥቶ የሠራው ያ ዕቃ ብቻ ነው፤ እሱም አንተ ከሄድክ በኋላ፣ ባጃጅ ለማስነሳት።

ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሌላ መጠበቅ መጣ። ሙት ዓመቱ ሳይወጣ በሐዘን ቤት ዘፈን አይከፈትም፣ ጊታርም አይነካም። እማዬ አምፕሊፋየሩን ነጠላ አልብሳ እዚያው አልጋህ ሥር መለሰችው። ተመረቅኩ። ጋዋን ለብሼ ፎቶ ስነሳ አጠገቤ የቆመው አጎቴ ነው፣ ያንተን ሱፍ ለብሶ። እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ ይቅርታ ለመጠየቅም ጭምር። ትከሻው ላይ ትንሽ ይሰፋዋል። የክት እንዳያደርገው ብዬ አስምዬዋለሁ፤ አሁን አምበር ገበያ ጤፍ የሚሸጠው ያንን ለብሶ ነው አሉ።

ባለፈው ማክሰኞ አምፕሊፋየሩን አወጣሁት። በዓል አልነበረም፣ እንግዳም አልጠበቅንም። መጀመሪያ የሶፋውን ላስቲክ ገፈፍኩና እማዬን አስቀመጥኳት፤ እንደ ሰው ቤት ጫፉ ላይ ነው የተቀመጠችው። ጊታሩን ሰካሁና ማዞሪያውን በጣም ትንሽ ብቻ ከፍ አደረግኩት። አንድ ክር ስመታ ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎችህ ተንቀጠቀጡ። እማዬ ወደ ቡፌው ዞር ብላ አየችና «ይሄ ነው እንዴ አልጋዬ ሥር ተኝቶ የከረመው?» አለች።

ጥሩ አምፕሊፋየር አያባብልም፣ አባዬ። ያቺ የድሮዋ ስህተቴን በጩኸቷ ትሸፍንልኝ ነበር፤ ይሄኛው ጣቴ ክሩን ሲስት አንድ በአንድ ያወጣዋል። ተሳሳትኩና ቆምኩ። ለካ እስክሪብቶህን እየጠበቅኩ ነው። ሶፋው ላይ ካንተ ቦታ ምንም ድምፅ አልመጣም። ያኔ ነው ንዴቴ ናፍቆት የሆነው፤ ብዙ ግን አልቆየም።

ቀና ስል እማዬ ደረቷን እንደያዘች አየኋት። ምን ሆንሽ ስላት ምንም አለች። ስጫናት ከክረምት ጀምሮ ደረቷን እንደሚያፍናት ነገረችኝ። ለምን አልተናገርሽም ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ከፋሲካ በኋላ እታያለሁ።» ጊታሩን ሶፋው ላይ ጥዬ ተነሳሁ። ቆይ የክት ቀሚሴን ልልበስ፣ በዚህ ልብስ ሰው ፊት አልቀርብም አለች። አልፈቀድኩላትም። በቤት ቀሚሷ፣ በነጠላ ጫማዋ፣ እጇን ይዤ ባጃጅ ውስጥ ከተትኳት። እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ስትሰድበኝ ሄደች።

ደም ግፊት ነው፣ ልቧንም መጫን ጀምሯል፣ መድኃኒት ይይዘዋል ተባልን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ «ደግ አደረጋችሁ፣ በጊዜ መጥታችኋል» አለችን። ያቺን ቃል ስሰማ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ላንተ መባል የነበረባት ቃል ናት። እማዬ በደስታ የማለቅስ መስሏት አጽናናችኝ። ቤት ስንደርስ አምፕሊፋየሩ ሳይጠፋ፣ ቀይ መብራቱ እንደበራ ቆየን።

እንግዲህ ቤትህ እንዲህ ነው። እማዬ መድኃኒቷን የምትውጠው በእንግዳ ብርጭቆ ነው፤ አንዱን ሰብራዋለች፣ አልተቆጣኋትም። ያቺን ትንሿን አምፕሊፋየር አልጣልኳትም፤ አንተ ትሰማኝ የነበረው በእሷ ነውና ሶፋው ጋ፣ ካንተ ቦታ አጠገብ አለች። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ ይበርዳል ብዬም አልዋሽህም። አልረሳህም ግን። እንደ ሱፍህ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ለሙት ዓመትና ለበዓል ብቻ እያወጣሁ አላስታውስህም። የክት አላደርግህም፣ አባዬ። በአዘቦት ቀን ጊታሬን አንስቼ ስጫወት፣ ስሳሳት ቆም እላለሁ። ከዚያ አስተካክዬ እቀጥላለሁ።

ያንተው ልጅ፣
ትዕግሥት
ደብረ ማርቆስ