ሴልሺየስና ፋራናይት በሶማሌ ተራ

የካቲት 3፣ 2008
ዛሬም እዚያው ሶማሌ ተራ። አጎቴ ጠይብ በሱቁ የፊት ክፍል የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፣ እኔና ጓደኛዬ በፍቃዱ ከራዲያተር ክምር ኋላ በአንዲት ኮምፒውተር ጌም እንሠራለን። ሁለት ዓመታችን። ተጫዋቹ ከባድ መኪና ይዞ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ይወርዳል... ሞተሩ ከጋለበት አለቀለት። መብራት ሦስቴ ጠፋ።

የካቲት 5
ጌሙን ለሙከራ ከላክንላቸው አንዱ፣ አሜሪካዊ፣ ጻፈልን። አራት ጊዜ ጀምሮ አራቴም አዋሽ ሳይደርስ ሞተሩን አቃጥሏል። "110 ሲል ምን አለበት ብዬ ነዳሁ" ይላል። የኛ ጌም ሙቀትን የሚያሳየው በሴልሺየስ ነው፣ እነሱ የለመዱት ፋራናይት፤ 110 ለሱ የበጋ ሙቀት እንጂ የሚፈላ ሞተር አይደለም።
"ምርጫ እናስገባ፤ ተጫዋቹ የለመደውን ይምረጥ" አልኩ።
በፍቃዱ ቀና እንኳ አላለም። "መኪናው የኛ፣ መንገዱ የኛ። ይማሩ!"
"ያን ያህል ቀላል ነው?"
"እኔ የነሱን ጌም ስጫወት በማይል ተምሬ የለ? ማን ምርጫ ሰጠኝ?"
እውነቱን ነው። ግን... አንተ ስለተቸገርክ ሌላውም ይቸገር?

የካቲት 8
ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም። አንዴ ብቻ "ቻርጀሩን" አለ።

የካቲት 9
አደረግኩት። በፍቃዱ እህቱን ሊሸኝ አውቶቡስ ተራ ሲሄድ ምርጫውን አስገብቼ ለሞካሪዎቹ ላክሁ። ማባዛትና መደመር ነው፣ ቶሎ አለቀ። ታዲያ በሩን ለምን ደጋግሜ አያለሁ?

የካቲት 11
ጉድ ሆንኩ። ፋራናይት የመረጠ ሁሉ ላይ ቁጥሩ ተበላሽቷል። ሲቀየር 32 ይደመራል... እኔ ሙቀቱ በስንት እንደጨመረ የሚያሳየው ቁጥር ላይም ደምሬያለሁ! ሙቀቱ በ5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር በ9 ማለት ሲገባው "በ41 ጨመረ" ይላል። አንዱ ሞካሪ ፎቶ አንስቶ ኢንተርኔት ላይ በትኖታል። ከሥሩ፣ "እነዚህ ሰዎች መኪና አይተው ያውቃሉ?"
በፍቃዱ ሳያይ ልደብቀው? እስከ መቼ?

የካቲት 12
ነገርኩት።
"ከጀርባዬ?" አለ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ጃኬቱን አንስቶ ወጣ።
አጎቴ ሰምቷል። "ምን አድርገሽው ነው?"
"ሳልጠይቀው ሥራውን ነካሁ።"
"እሱስ ይጠይቅሻል?"
አይጠይቀኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልጠየቀኝም። ግን ይሄ ጥፋቴን ያነሳልኛል? አይመስለኝም።

የካቲት 15
ሦስተኛ ቀኑ። ስልክ አያነሳም። ስህተቱን አርሜዋለሁ፣ አልላክሁትም። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ በሩ ላይ ቆሜ ሰው አያለሁ። አጎቴ "አንቺ ልጅ፣ ደንበኛ አስደነገጥሽ" አለኝ።

የካቲት 16
መጣ። ሰላም ሳይል ተቀምጦ ያረምኩትን መስመር በመስመር አነበበ።
"መኪና አይተው ያውቃሉ ያለው ሰውዬ..." አለ። "አጎትሽ እኮ የጅቡቲን መንገድ ሃያ ዓመት ነድቶታል።"
"አውቃለሁ።"
"በሰውዬውም ተናድጄ ነው የቀረሁት። ባንቺም።" ወደ ስክሪኑ ዞረና፣ "ግን አራቴ የተቃጠለበት ሰው ለአምስተኛ አይሞክርም። ይማሩ ማለት ቀሎኝ ነው።"
"ሁለተኛ ከጀርባህ አልነካም" አልኩ።
እሺ በሚል ራሱን ነቀነቀ። አብረን ላክነው።

የካቲት 20
አሜሪካዊው ጅቡቲ ገባ! ሞተሩ ደህና። አጎቴ ሲሰማ ለሁላችንም ጁስ አስመጣ።
በፍቃዱ የጌሙን የአማርኛ መክፈቻ ገጽ እየጻፈ ነበር። "ሙቀቱ በምን ይታይህ?" ይላል።
"ይታይህ? እኔ ብጫወትስ?"
"ይታይሽ ልበል?"
"ወንዶቹስ?"
"እሺ፣ ይታይዎ።"
"የጭነት መኪና ሹፌር አንቱ ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ?"
ሳቀ። ጽሑፉን አጠፋው። ከዚያ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳና ወደኔ ዞረ።
"ምን እናድርግ?"
እናድርግ... አለ። ጠየቀኝ።