እንክፈል ብንል ስለ ከለከሉን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የአካባቢ መስተዳድሮች ሚኒስትር
ለንደን

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ከነመላ ቤተሰብዎ ጤናዎ ተሟልቶ፣ ቢሮዎ ሞቆ፣ እንቅልፍዎም ሳይጓደል እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኛ በመጨረሻው በኩል ትንሽ ቢጎድለንም እንደምንም እንውላለን።

እኔ ከዌምብሊ ብዙም በማይርቅ መንገድ ላይ እህልና ቅመም የምሸጥ፣ ሱቄን ስዘጋ የዋልኩበትን በማስታወሻ የማሰፍር ነጋዴ ነኝ። በግልጽ የምጽፍልዎ ምስጋና በጓዳ ሲሆን ስለማያምር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈራችን መስተዳድር፣ ማለትም ካውንስሉ፣ በጀት አልበቃ ብሎት አረጋውያን የሚውሉበትን ዴይ ሴንተር በሚያዝያ ሊዘጋው ነው፤ ካሁኑም ከሳምንቱ ግማሹን ዘግቶታል። ከሱቄ በላይ ያለው ፍላት ውስጥ የአውቶቡስ ሹፌሯ ሚስኪና እናቷ እማማ ሲቲ ይኖራሉ። እማማ ሲቲ በስደት መጥተው፣ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው የሆቴል ክፍል ሲያጸዱ የኖሩ ሴት ናቸው። አሁን የመርሳት በሽታ እንግሊዝኛቸውን ወስዶ አማርኛቸውን ብቻ ትቶላቸዋል። በሴንተሩ አማርኛ የምትችል ፅዮን የምትባል ተንከባካቢ ስላለች ሚስኪ እናቷን እዚያ አድርሳ መሪዋን ትይዛለች።

ይህች ፅዮን አንድ ቀን ሱቄ መጥታ፣ «ጋሼ ዘርይሁን፣ ጠጠር ያለበት ምስር አለዎት?» ብላ ጠየቀችኝ። ነጋዴ ከሆንኩ ጀምሮ ጠጠር በዛ ብለው ከሚጨቃጨቁኝ ደንበኞች መሃል አነሰ ብላ የመጣች እሷ ብቻ ናት። ለካስ እማማ ሲቲ ሰፌድ ይዘው ምስር ሲለቅሙ መንፈሳቸው ይረጋጋል፤ በማሽን የተበጠረውን ስትሰጣቸው ግን፣ «ይሄማ ተለቅሟል፤ ታሾፉብኛላችሁ እንዴ?» ብለው ይቆጣሉ። ከዚያ ወዲህ ንጹሑን ምስር ከጓሮዬ ጠጠር ጋር እየቀላቀልኩ አቀርባለሁ። የጥራት ተቆጣጣሪ እንዳይልኩብኝ አደራ።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ከራሳችን እጅ ስላዳኑን እናመሰግናለን። ሴንተሩ ሊዘጋ ነው ሲባል እኛ የለመድነውን አደረግን፤ የእድራችንን አባላትና የመንገዱን ነዋሪዎች አዳራሽ ጠርተን መከርን። ባላገር አእምሯችን ካውንስልንም እንደ ትልቅ እድር ነው የሚያየው፤ ሲጎድል አባላት ይሰበሰባሉ፣ መዋጮ ይጨምራሉ፣ መክፈል ያቃተውን ይተዉታል፣ ነገሩ ያልቃል። ሁሉንም ነገር የሚቃወመው ጎረቤታችን ሳዶቅ ተነስቶ፣ «ለእድር አልጨምርም ያልኩ ሰውዬ ለካውንስል ልጨምር? ምን ነካችሁ?» አለ። ከወደ ኋላ ሚስኪ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እማዬን ታዲያ አንተ ጋ ላምጣልህ?» ስትለው ግን ተቀመጠና እጁን አወጣ። በየቤታችን የምንከፍለው ግብር፣ የካውንስል ታክሳችን፣ ከፍ ይበልልን ብሎ የፈረመውን ሕዝብ ስም ይዘን ወደ ካውንስል ተመራጫችን ሄድን። ጨዋ ሴት ናት፤ አንብባ ስትጨርስ፣ «እንዲህ ያለ አቤቱታ ደርሶኝ አያውቅም» አለችና ጭማሪው ጣሪያ እንዳለው፣ ጣሪያውን የምትሠሩት እናንተ እንደሆናችሁ፣ ከዚያ ለማለፍ ካውንስሉ በገዛ ወጪው ሕዝበ ውሳኔ መጥራት እንዳለበት አስረዳችን። ሴንተር ለማቆየት ገንዘብ ያጣ ካውንስል፣ ገንዘብ ለመጠየቅ ገንዘብ እንዲያወጣ ማሰብዎ የሚደነቅ ነው። በስጦታ እንስጥ ብንልም፣ በየዓመቱ መኖሩ በማይታወቅ ስጦታ ሠራተኛ ቀጥሮ ማቆየት እንደማይቻል ነገረችን፤ በዚህኛው ልክ ናት።

ጣሪያው ድሃውን ይጠብቃል እንደሚሉ ሰምቻለሁ። ክቡርነትዎ፣ ከእማማ ሲቲ የባሰ ድሃ ካገኙ አድራሻውን ይላኩልኝ።

ሁለተኛ፤ ለዚሁ ታክስ የሰፈሩን ቤቶች ዛሬም ሚስኪ ሕፃን ሳለች በነበረው የዋጋ ግምት ስለሚመድቡልን እናመሰግናለን። እኔ በርበሬን በዚያ ዘመን ዋጋ ብሸጥ ደንበኞቼ ይመርቁኝና በሳምንቱ ሱቄን እዘጋ ነበር። ይህንንም ካውንስሉ ልቀይር ቢል ሥልጣን የለውም።

ሦስተኛ፤ የሱቄን ግብር መጠን ከሰፈሬ ወስደው በእርስዎ ዘንድ እንዲወሰን ስላደረጉት። በአካል አይተውት በማያውቁት ሱቅ ላይ ይህን ያህል አሳቢ መሆንዎ ይገርመኛል።

አራተኛውን በምስጋና መልክ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ሴንተሩ በማይከፈትባቸው ቀናት እማማ ሲቲ እኔ ዘንድ፣ ከሱቁ ጥግ ሰፌዳቸውን ይዘው ይውላሉ። ባለፈው ማክሰኞ ለደንበኛ ሽሮ ስመዝን ቀና ብል ወንበሩ ባዶ ነው። ሱቁን ክፍት ጥዬ ወጣሁ። ሚስኪ መሪ ላይ ስለነበረች ስልክ ማንሳት አትችልም። ዝናብ ነበር። ያገኘኋቸው የተዘጋው ሴንተር በር ላይ ነው፤ ነጠላ ጫማ አድርገው፣ ሻርፓቸው ከራሳቸው ላይ ወርዶ፣ በመዳፋቸው በሩን ይደበድባሉ። «ዛሬም ካረፈድኩ ያባርሩኛል» ይሉኝ ነበር። ድሮ ያጸዱት ወደነበረው ሆቴል ሥራ ሊገቡ የመጡ መስሏቸዋል። ኮቴን አልብሼ፣ «ዛሬ እረፍት ሰጥተውዎታል» አልኳቸው። «ደመወዝ ሳይቆርጡ?» አሉኝ። ሳይቆርጡ ነው አልኳቸው። ወደ ሱቅ ስንመለስ እየሳቁ ነበር፤ ማታ ግን ሚስኪን ሳያውቋት ቀሩ።

ያን ዕለት ማስታወሻዬ ላይ «መንገዱን ተሻግረው ነው የሄዱት» ብዬ ጻፍኩና ሌላ መጨመር አቃተኝ። የተሻገሩት መንገድ አራት መስመር ያለው ነው። በሚያዝያ ሴንተሩ ጨርሶ ሲዘጋ ይህ የየቀኑ ነገር ይሆናል፤ እኔም በየቀኑ ቀድሜ ላልደርስ እችላለሁ።

ስለዚህ የምለምንዎ ገንዘብ አይደለም። የምለምንዎ ለጎረቤታችን እናት እንክፈል ስንል ከመንገዳችን ፈቀቅ እንዲሉልን ብቻ ነው።

ስለ ጥበቃዎ እጅ የምነሳ፣ ሳልጠራዎ ስለሚደርሱልኝ የምደነቅ፣ ስጠራዎ ደግሞ ከጸሐፊዎ ጋር ስላስተዋወቁኝ የማልረሳዎ፣

ትሑት አገልጋይዎ
ዘርይሁን
የእህልና የቅመም ነጋዴ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ላሽገው ስል የሰማሁትን ልጨምር። ሚስኪ ትናንት ለመሥሪያ ቤቷ የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገብታለች። እስከ ዛሬ ከደመወዟ ለግምጃ ቤትዎ ግብር ትከፍል የነበረችው ሴት፣ እናቷን የምታስታምምበት ድጎማ እንዲሰጣት ለእርስዎው መንግሥት አፕላይ አድርጋለች። ሰፈሩ ከኪሱ ሊከፍል ለምኖ የተከለከለውን ከእንግዲህ እርስዎ ሊከፍሉ ነው ማለት ነው፤ ትርፉ የቱ ጋ እንደሆነ ቢያስረዱኝ፣ ነጋዴ ነኝና ለመማር ዝግጁ ነኝ። ሚስኪን ራሷን ማነጋገር ከፈለጉ በፈለጉት ሰዓት ይደውሉ፤ ከእንግዲህ ቤት ናት።