ሞስ ያለ ማሰሪያው የወጣ ዕለት

ውድ ልጄ ብሮንዊን፣

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁት። አባትሽ ለመናገር ፈሪ ነው፤ ስለዚህ በወረቀት መጣሁብሽ።

ለገና የመጣሽ ጊዜ የሎሚው ዛፍ ሥር ተንበርክከሽ፣ "ይቅር በለኝ ሞስ፣ በገዛ እጄ ገደልኩህ" ስትዪ በወጥ ቤቱ መስኮት ሰማሁሽ። ሰምቼ ድስት ማጠቤን ቀጠልኩ። 

ልጄ፣ በቀቀንሽን አልገደልሽውም። እዚያ የቀበርኩት ሳጥን ውስጥ ሞስ የለም። በፎጣ የተጠቀለለ ግማሽ ጡብ ነው ያለው።

ያን በአንገቱና በክንፉ ሥር የሚጠለቅ ባለገመድ ማሰሪያ ስታለማምጂው ስንት ቀን ሳቅኩብሽ! መጀመሪያ ከምግብ ሳህኑ አጠገብ አስቀመጥሽው፤ ሳምንት ሙሉ፣ ሌላ ምንም ሳታደርጊ። ከዚያ በቀለበቱ አሾልከሽ ለውዝ ትሰጪው ጀመር። አንገቱን ወዶ እስኪያስገባ ጠበቅሽው።

"ያዝ አድርጊና አጥልቂለት እንጂ! ወፍ እኮ ነው፣ ሙሽራ አደረግሽው" አልኩሽ።

"አባዬ፣ አንዴ በጉልበት ከያዝኩት ሁለተኛ እጄን አያምነውም። አንተ ዝም ብለህ ሻይህን ጠጣ።"

በሰባተኛው ሳምንት ራሱ አንገቱን አስገባ። በገመዱ ይዘሽው ወንዝ ዳር ስትወጪ ከኋላ ተከተልኳችሁ። በጣም ኮርቼብሽ ነበር፤ ግን አልነገርኩሽም። ለሥራ ወደ ዳርዊን ስትሄጂ ማሰሪያውን ምስማር ላይ ሰቅለሽ፣ "ያለዚህ ከበር እንዳታወጣው" ብለሽ አስማልሽኝ። ማልኩልሽ።

መስከረም ነበር፤ ጥቁርና ነጮቹ ወፎች፣ ማግፓዮቹ፣ ጫጩቶቻቸውን የሚጠብቁበት፣ በመንገድ ያለፈውን ሁሉ ከላይ እየተወረወሩ የሚያሳድዱበት፣ ፖስተኛው ሳይቀር እነሱን ለማስፈራራት ሄልሜቱ ላይ ዓይን ሥሎ የሚዞርበት ወር። እኔ ደግሞ ስድሳ ዓመት እዚህ ኖሬ ይህን የማላውቅ ይመስል፣ ሞስን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ደብዳቤ ላመጣ ወጣሁ። ማሰሪያውን ለማጥለቅ ሰነፍኩ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ጎረቤታችን ግሌኒስ ከአጥሯ ማዶ አየችኝ።

"አንተ ሌስሊ! የልጅቷን ወፍ እንዲሁ ሳታስረው ነው የምታዞረው?"

"እኔን ያውቀኛል፤ የት ይሄዳል?" አልኳት።

ተናግሬ ሳልጨርስ ማግፓዩ ከባሕር ዛፉ ላይ ተወርውሮ በጆሮዬ ሥር አለፈ። ሞስ ደንግጦ ተፈተለከ። እጄ ላይ ገመድ አልነበረም።

በአምስተኛው ቀን ደውዬ "ታሞ ሞተ" አልኩሽ። አለቀስሽ። ቀጥለሽም፣ "ማሰሪያው ክንፉ ሥር አቁስሎት ይሆን?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። "ሊሆን ይችላል" አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ከዚያ ወዲያ ሰዎች ወፋቸውን እንድታለማምጂላቸው ሲለምኑሽ "የእኔ እጅ ለወፍ አይሆንም" እያልሽ እንደምትመልሻቸው ስትነግሪኝም ወሬውን ወደ ዝናብ አዞርኩት። ጥፋቴን ከራሴ አውርጄ አንቺን እንዳሸከምኩሽ እያወቅኩ ዝም አልኩ። ማሰሪያሽ አንዲት ላባውን እንኳ አልጎዳም። እጅሽ ለወፍ የተፈጠረ ነው።

ለምን እስከ አምስተኛው ቀን ሳልደውል እንደቆየሁ ትጠይቂኛለሽ። ለመጻፍ ያቃተኝ ይኸው ነው።

ሞስ ወዲያው አልጠፋም። ከመንገዱ ማዶ ያለው ረጅሙ ባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጠ። መሰላል አቆምኩ፤ አልደርስ አለኝ። ለውዝ እያሳየሁ ለመንኩት፤ በእኔ ድምፅ አልወረደም።

"ለልጅቷ ደውልላት እንጂ" አለችኝ ግሌኒስ። "በስልክም ቢሆን የእሷን ድምፅ ከሰማ ይወርዳል።"

ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። መሐላዬን ማፍረሴን እንዳታውቂብኝ ፈራሁ። "ነገ ራሱ ይወርዳል" እያልኩ ዋልኩ፣ አደርኩ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ቅርንጫፉ ባዶ ነበር።

ብሮን፣ ሦስቱንም ቀን ስምሽን ሲጠራ ነበር።

ይቅርታሽን ለመጠየቅ ገና ያልበቃው አባትሽ፣
ሌስሊ
ሆርሻም